የማክሰኞው ልጅ

በአትላንታ ያለው ሞርሃውስ ኮሌጅ ትንሽ ነው። የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን ከዚያ ወጡ፤ የፊልም ሠሪው ስፓይክ ሊም እንዲሁ። እኔን ደጋግሞ የሚስበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1944 የገባው የ15 ዓመት ልጅ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጣቶቹን ስለወሰደበት፣ ኮሌጁ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ተማሪዎችን ፈትኖ ይቀበል ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ በር ገባ። አባቱም የእናቱ አባትም እዚያው ተምረዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ በጸሎት ቤቱ ተቀምጦ የፕሬዚዳንቱን የቤንጃሚን ሜይስን ንግግር ያዳምጣል፤ ሲያበቁም ጠብቆ ይጠይቃቸዋል፣ ይከራከራቸዋል። እንዴት ያለ መምህር ነው፣ ከልጅ ጋር ቆሞ የሚከራከር! በ1948 በሶሺዮሎጂ ተመረቀ። በሚያዝያ 1968 አስከሬኑ ወደዚያው ግቢ ሲመለስ የስንብቱን ቃል ያሰሙት እኚሁ መምህሩ ነበሩ።