ስለ ከበደና ስለ ከበረ

እንግሊዞች ከባዱን ነገር «ሄቪ» ይሉታል። ቃሉ ማንሣት ከሚባለው «ሂቭ» ከሚለው ግሥ ጋራ ዘመድ ነው፤ እንግዲህ በእነርሱ ንግግር ከባድ ማለት ለማንሣት የሚያስቸግር ማለት ነው። ክብደትንም «ዌይት» ሲሉ ጥንተ ነገሩ መሸከም ነው። ሁለቱም የተሸካሚ ቃላት ናቸው።

የሴም ልሳናት ግን በሌላ መንገድ ሄደዋል። ዕብራይስጥ «ካቤድ» ብሎ ከባዱን፣ «ካቦድ» ብሎ ክብርን ከአንድ ሥር ያወጣል። ግእዝ ከብደን ለሸክም፣ ከብረን ለማዕርግ አድርጎ ለይቷቸዋል። የሁለቱም ተቃራኒ ቀለለ ነው፤ አማርኛችንም ሰው የናቀውን «አቃለለ» ይለዋል። ይህን የመሰለውን ዝምድና መመርመር የሚወድ ተማሪ፣ ግእዝን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋራ ያነጻጸሩትን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፍ ይያዝ። እርሳቸው በ1936 ዓ.ም. ዐርፈው ሥራቸው በ1948 ዓ.ም. በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት ታትሟል።

ይህን ሁሉ ያልነው ስለ አንድ ንባብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥17 መከራውን ቀላል ካለ በኋላ ስለ ክብር ሲናገር በጽርእ «ባሮስ» ይላል፤ ይኸውም ክብደት ማለት ነው። የ1611 ዓመተ ምሕረቱ (በአውሮጳ አቈጣጠር) የእንግሊዝ መጽሐፍም «ዌይት» ብሎ ጠብቆታል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ብዛት» አለው። ሐዋርያው ሚዛን አቁሞ ነበር፤ በአንዱ ወገን ቀላሉ መከራ፣ በሁለተኛው ከባዱ ክብር። ብዛት ሲገባ ሚዛኑ ፈረሰ፤ ብዛት ይቈጠራል፣ ይሰፈራል እንጂ አይመዘንምና። ትርጕሙ ሐሰት ነው አንልም። የትርጓሜ መምህር በጉባኤ «ብዛት ሲል ነው» ብሎ ቢያትት ያምርበታል፤ ማተቻው ግን በንባቡ ስፍራ ሊቀመጥ አይገባውም።

«የክብር ክብደት» ለጆሮ ይጎረብጣል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዛሬ ክብደት የኪሎና የኩንታል ቃል ሆኗል፤ ከኮምቦልቻ በደጋን በኩል ወደ ባቲ የሚወርደው ሹፌርም መኪናውን ከባድ ይለዋል። ጋዜጦቻችንማ ዶፉንም ጽኑውንም ሕመም «ከባድ» እያሉ ያማረውን ቃል ሁሉ አስረጅተውታል። ነገር ግን የደሴ እናት ልጇን ከበደ፣ ከበደች ብላ ስም ስታወጣ ሸክም ሁን ማለቷ ነውን? በሰው ፊት የማይቀል ሁን ማለቷ ነው እንጂ። ዕብራይስጡ በአንድ ሥር ያሰረውን እርስዋ ሳትማር ታውቀዋለች። ተርጓሚዎቹ ይህን ስም በየቤቱ እየሰሙ ቃሉን መፍራታቸው ያስደንቃል።

ኀዘን ቤት ገብቶ ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ካህን አለ። በፊቱ የተቀመጡት ሰዎች መከራቸው ቀላል መባሉን ይሰማሉ። ከምን ጋራ ተመዝኖ እንደ ቀለለ ግን ካህኑ ከራሱ ጨምሮ ካልነገራቸው በቀር ከንባቡ አይሰሙትም።