መጋዙ ይሰማል፣ እጁ አይታይም

የሩሲያዊው ደራሲ የአንቶን ቼኾቭ የመጨረሻ ተውኔት ስለ አንድ የቼሪ ዛፍ አትክልት ቦታ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ያነበበው ሰው መጨረሻውን አይረሳውም። ርስቱ በጨረታ ተሸጧል፤ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል፤ አሮጌው አሽከር በተቆለፈው ቤት ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። ያን ጊዜ ከሩቅ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ዛፎቹ እየወደቁ ነው። መጋረጃው ይዘጋል።

ይህን ተውኔት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለባለርስቶቹ አዝኛለሁ፣ ለሽማግሌው አዝኛለሁ፣ ለዛፎቹም አዝኛለሁ። መጥረቢያውን ስለያዘው ሰው ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ማን ነው? በቀን ስንት ይከፈለዋል? ብቻውን ነው ወይስ ጓደኛ አለው? መጥረቢያውን የሳለለት ማን ነው? ቼኾቭ ድምፁን አሰማን እንጂ ሰውዬውን ወደ መድረክ አላወጣውም። ለእሱ ተውኔት ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የሩቁ ድምፅ ነውና ልብ የሚሰብረው። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ድምፁንም እምብዛም አላሰማንም። የዛሬው ሂሴ በዚህ ላይ ነው።

ነገሩን እንዳስብ ያደረገኝ የወደራ መንገድ ነው። ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ የአንፈራራ ወደራን ደን ያስታውሳል። በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተለዩት ደኖች አንዱ ነው። ዝግባውና ጥዱ እዚያ ነው። ወደራን አልፈው ወደ ነገሌ ሲወርዱ አየሩ ይሞቃል፣ ዛፉ ያጥራል፣ ግራርና የዕጣን ዝርያ ያለበት ደረቅ አገር ይጀምራል። ወደራ የደጋው ዛፍ ከቆላው ቁጥቋጦ ጋር የሚሰነባበትበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

እዚያ ሻይ ልጠጣ በወረድኩበት አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ግንድ ሲሰነጥቁ አየሁ። ግንዱን ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አጋድመውታል። አንዱ ከላይ ቆሟል፤ ሌላው ከታች። በመካከላቸው የሰው ቁመት የሚያህል ረጅም መጋዝ አለ። ከላይ ያለው በዕድሜ የገፋ ነው፤ በግንዱ ላይ በጥቁር ክር ተመትቶ የተሰመረውን መስመር እያየ ይመራል። ከታች ያለው ጎልማሳ ወደ ታች ይስባል፤ የሚቆርጠውም ወደ ታች የሚሳበው ነው። ሰጋቱራው እንደ ወንፊት ዱቄት ፊቱ ላይ ይወርዳል። ራሱን በጨርቅ ጠምጥሟል፤ ዓይኑን ጨፍኗል ማለት ይቻላል። መጋዙ እንዳይነክስ በተቆረጠው ስንጥቅ ውስጥ ሽብልቅ አስገብተዋል። ሞረዱ ከርብራቡ ሥር ባለች ኮሮጆ ውስጥ ነው። ጥርሱ ሲደነዝዝ ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይሞርዳል፣ ሌላው ያርፋል።

«አንተ መስመሩን በምን ታየዋለህ?» ብዬ የታችኛውን ጠየቅኩት።

«እኔ አላየውም ጋሼ» አለኝ፤ «የሚያየው እሱ ነው። እኔ የእሱን እጅ ነው የምሰማው።»

ከላይ ያለው ሳቀና «ከሰዓት እኔ እወርዳለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሱ ያያል» አለ።

ጣውላ የምንለው ነገር እንደዚህ ነው የሚወለደው። የተቀመጥንበት ወንበር፣ የተኛንበት አልጋ፣ ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ጠረጴዛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላ ሰው ዓይን የሚያምን ሰው ስቦ ያወጣው ነው። ስለ ጓደኝነት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚፈልግ ደራሲ ካለ አላውቅም። እኔ ግን ምን አደረግሁ? አደነቅሁ፣ ሻዬን ጨረስኩ፣ ሄድኩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምወቅሰው ሁሉ እኔንም ይጨምራል።

ወደ ልብ ወለዶቻችን እንምጣ። የትልልቆቹን ባለታሪኮች እጅ እንመልከት። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህ የቆሎ ተማሪ፣ ኋላም የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ነው። የ«ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) አበራ ሠዓሊ መሆን የሚመኝ የቢሮ ሰው ነው። የ«ደራሲው» ሲራክ ስሙ እንደሚናገረው ደራሲ ነው። የ«ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ፀጋዬ ጋዜጠኛ ነው። ብዕርና ብሩሽ የያዘ እጅ ነው የምናየው። ሐዲስ ዓለማየሁ ገበሬው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሳ አሳይተውናል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ገበሬው በዚያ የሚታየው ግፍ የሚደርስበትና የሚያምፅ ሰው ሆኖ ነው። በሥራው ላይ እንዳለ፣ መሣሪያውን እያስተካከለ፣ ከባልንጀራው ጋር እየቀለደ የሚታይበት ገጽ ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ መዶሻና ማጭድ በየአደባባዩ ተሰቀለ። መዶሻውም ማጭዱም ምልክት ነበሩ እንጂ ዕቃ አልነበሩም፤ ማጭድ የሚደነዝዝ፣ የሚሞረድ፣ እጅ የሚልጥ ነገር መሆኑ በሥዕሉ ላይ አይታይም።

እነዚህ ሥራዎች ትንሽ ናቸው ማለቴ አይደለም። ደራሲ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ ደራሲዎቻችንም የሚያውቁት ትምህርት ቤቱን፣ ቢሮውንና ቡና ቤቱን ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሥነ ጽሑፍ ያላየውን ነገር ቋንቋው አያውቀውም፤ ቋንቋው ያላወቀውን ነገር ደግሞ አገር ሊያስብበት አይችልም።

ቋንቋው ግን ድሃ ሆኖ አይደለም። አማርኛ ዛፍ ላይ የሚሠራውን ሥራ በስንት ግስ ይለያል! ግንዱን ከሥሩ ሲጥሉት መገንደስ፣ በመጋዝ ሲያደርጉት መገዝገዝ፣ ዳሩን ሲያስተካክሉት መከርከም፣ ያረጀ ቡና ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ሲቆርጡት መጎንደል፣ ቅርንጫፉን ሲያራግፉለት መመልመል። አሁን እነዚህ ቃላት የት ደረሱ? «መለመለ» ብንል የሚታየን ወታደር ወይም ካድሬ ነው። «ጨፈጨፈ» ብንል የሚታየን የሰው ሬሳ ነው። በጋዜጣና በራዲዮ ዛፍ የሚነካ ሰው አንድ ስም ብቻ ቀርቶለታል፦ ደን ጨፍጫፊ። ተረታችንም ቢሆን ለምሳር አይራራም፤ «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንላለን። «ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» ስንል ግን መራጩን ረስተነዋል። የትኛው እንጨት ለታቦት እንደሚሆን የሚያውቀው ማን ነው? ዛፍ ቆራጩ አይደለምን?

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቆጣኝ ይችላል። «ደናችን አልቆ፣ የወደራው ዝግባ በጭነት መኪና እየተጫነ፣ አንተ ለቆራጭ ታዝናለህ?» ይለኛል። ቁጣው ትክክል ነው። ነገር ግን ቆራጭን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ደኑን አላዳነውም። ጥቂት ወደ ደቡብ ወርደን የቦረናን ግጦሽ እንይ። የቦረና አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ ሣሩን በየጊዜው በእሳት ያድሰው ነበር። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሳቱ በመንግሥት ተከለከለ፤ ሐሳቡ ተፈጥሮን መጠበቅ ነበር። እሾሃማው ግራርና ሌላው ቁጥቋጦ ሜዳውን ወረረው፣ ሣሩ ጠፋ፣ ከብቱ ተራበ። ኋላ ደግሞ ሰዎች መጥረቢያና ገጀራ ይዘው ቁጥቋጦውን እንዲመነጥሩ በክፍያ ተሰማሩ። በዚያ አገር አንዳንዱን ዛፍ መቁረጥ መሬቱን ማከም ነው። የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛው ለጥላና ለግመል መኖ ይቅር የሚለውን የሚያውቀው ደግሞ እዚያው ያደገው ሰው ነው። ይህን ሰው «ጨፍጫፊ» በሚለው ቃል ልንጠራው ነው?

በሌላው ወገን የሚከበረው ተካዩ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ዦኖ በ1953 እ.ኤ.አ. ብቻውን ደን ስለሚተክል እረኛ የጻፈው አጭር ታሪክ ዓለምን ዞሯል፤ እረኛው የደራሲው ፈጠራ ነው፣ ብዙ ሰው ግን እውነተኛ መስሎት ነበር። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች፤ ይገባታል። እኛም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተከልን ተነገረን። ያን ቀን የተነሣውን ፎቶግራፍ አስታውሱ፤ ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ ይተክላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ችግኙን ሲኮተኩት፣ ሲያሳሳ፣ ሲመለምል የተነሣ ሰው ፎቶግራፍ ስንት አይታችኋል? መትከል የአንድ ቀን በዓል ነው፤ ማሳደግ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። በዓሉ ዘፋኝ አያጣም፤ ሥራው ግን ዛሬም ተራኪ የለውም።

ይህ ጉዳይ ከወረቀት ያለፈ ነው። በሰፈሬ አንድ ያረጀ ጥድ ነበር። ቅርንጫፉ ጣሪያ ላይ አዘነበለና የቀን ሠራተኛ ተጠራ። ልጁ ባዶ እግሩን፣ ገጀራውን በወገቡ ሸጉጦ ወጣ። ገመድ የለው፣ ቀበቶ የለው፣ ከታች የሚጠብቀው ጓደኛ የለው። ትልቁን ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ መታው፤ ቅርንጫፉ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ እስከ ታች ተገነጠለ። ልጁ ለጥቂት ተረፈ። ጥዱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ደረቀ። ልጁ አላጠፋም፤ ያስተማረው ሰው የለም።

በሌላው ዓለም ይህ ሙያ ነው፤ ሐኪም ብለው ይጠሩታል፣ የዛፍ ሐኪም። የራስ ቁር፣ የወገብ መታጠቂያና ገመድ አለው፤ ከታች ዓይኑን ከእሱ የማይነቅል ጓደኛ አለው፣ ልክ እንደ ወደራዎቹ ሁለት ሰዎች። ከባድ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ይቆርጣል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ ይጥለዋል፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚገናኝበት እብጠት ውጭ ያስተካክላል። እብጠቱን አይነካም። አሜሪካዊው የደን ሊቅ አሌክስ ሺጎ ብዙ ሺህ ግንዶችን ሰንጥቆ ያስተማረው ነገር ምክንያቱን ይነግረናል፦ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፣ የተበላሸውን እንጨት በአዲስ እንጨት ይከልለዋል እንጂ። ክፉ የተቆረጠ ዛፍ ቁስሉን እስኪሞት ይዞት ይኖራል።

እንግዲህ ከደራሲያኖቻችን የምጠይቀው ለመጋዝ ውዳሴ እንዲጽፉ አይደለም። ጥፋቱንም አይሸፋፍኑልን። የምጠይቀው እንዲጠጉ ነው። ከርብራቡ ሥር ገብተው ሰጋቱራው ፊታቸው ላይ እንዲወርድ፤ ሞረዱ ምን ድምፅ እንዳለው፣ ሽብልቁ መቼ እንደሚገባ፣ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ሲጣሉ መስመሩ እንዴት እንደሚጣመም እንዲያዩ። ይህን የሚያይ ብዕር በቆራጭና በቆራጭ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳየናል፤ ያን ልዩነት የሚያውቅ አገር ደግሞ ዛፉን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። እኔም ወደ ወደራ ብመለስ መጀመሪያ የማደርገውን አውቃለሁ። ስማቸውን እጠይቃለሁ።