«መራጭ» የሚለው ቃል ስንት ሰው ይሸከማል? ስለ ምርጫ ምዝገባ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ከደነገገ ወዲህ የአማርኛ የምርጫ ቃላት ብዙ ተለዋውጠዋል። በዚያን ዘመን ተመራጩ «እንደራሴ» ይባል ነበር፤ በ1979 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት «የብሔራዊ ሸንጎ አባል» ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ «የሕዝብ ተወካይ» ተባለ። ወንበሩ በተለወጠ ቁጥር ለተቀማጩ አዲስ ስያሜ ተፈልጎለታል። ላኪው፣ ይኸውም ካርድ አውጥቶና ተሰልፎ ድምፁን የሚሰጠው ሰው፣ ግን በሦስቱም ዘመናት «መራጭ» እንደተባለ ቀረ። ቃሉ መልካም አማርኛ ነው፤ ከ«መረጠ» በቀጥታ የተገኘ በመሆኑ ማንም ይረዳዋል። ቅር የሚለን በአፈጣጠሩ ሳይሆን በተጫነበት ሸክም ነው።

ለመራጮች ትምህርት በሚዘጋጁ ጽሑፎች ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ መራጭ ይባላል፤ ስሙ በምርጫ ጣቢያ መዝገብ የሰፈረው መራጭ ይባላል፤ በዕለቱ ወረቀቱን ወደ ኮሮጆው የከተተውም እንዲሁ። ለሕግ ሰው ዐውዱ ይለይለት ይሆናል። ነገር ግን «እያንዳንዱ መራጭ ድምፅ የመስጠት መብት አለው» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያነበበ ዜጋ ራሱን ከየትኛው ይቁጠር? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት የሰጠው ለዜጋ ነው፤ መብቱ ከመዝገቡ ይቀድማል። የሚሠራበት ግን በምዝገባው ጊዜ ቀርቦ ስሙን ላስመዘገበ ብቻ ነው። ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ በድምፅ መስጫው ዕለት የሚመጣ ሰው «መብት አለኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ሆኖም ድምፅ ሳይሰጥ ይመለሳል። የቀረው በስንፍና ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው፤ «መራጭ ነህ» የሚለውን ጽሑፍ አምኖ ከሆነ ግን ጥፋቱ የስያሜው ነው።

በበኩላችን ሦስቱን መለየት ይቻላል እንላለን። የመጀመሪያውን «የመምረጥ መብት ያለው ዜጋ»፣ ሁለተኛውን «የተመዘገበ መራጭ»፣ ሦስተኛውን «ድምፅ ሰጪ» ማለት ይበቃል። ከሦስቱ አንዱም አዲስ ፈጠራ አይደለም። «ድምፅ ሰጪ» በተለይ ሊስፋፋ የሚገባው ቃል ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡ በሻፌታና በጎጆ ምልክቶች መካከል ወሰነ እንጂ ማንንም ሰው ወደ ምክር ቤት አልላከም። ዕቃም ሐሳብም ይመረጣልና በዚያም ቢሆን «መራጭ» ማለት ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን «ድምፅ ሰጪ» ለምርጫውም ለሕዝበ ውሳኔውም ያለ ማብራሪያ ያገለግላል።

ከዚህ ይልቅ የከፋው «ብቁ» ነው። የውጭውን ቃል ለመተካት ሲባል «ለመምረጥ ብቁ የሆነ»፣ «ብቁ ያልሆነ» እየተባለ ይጻፋል። በአማርኛ ብቁ ማለት ችሎታው የተመሰከረለት፣ ለማዕርግ የደረሰ ማለት ነው፤ በቤተ ክህነቱ አነጋገር ደግሞ የበቃ ሰው ከቅድስና የደረሰ ነው። የምርጫ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ዜግነትን፣ ዕድሜንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ነው። ትናንት ከሌላ ወረዳ የመጣን መምህር «ብቁ አይደለህም» ማለት የኑሮውን ዘመን አጭርነት በሰውነቱ ጉድለት መተርጐም ይሆናል። «የተፈቀደለት» የሚለውም አይሻልም፤ መብትን ወደ ፈቃድ ያወርደዋልና። «መስፈርቱን የሚያሟላ» ውበት ባይኖረውም ማንንም አይሰድብም።

«ምዝገባ» የሚለው ስም የድርጊቱን ባለቤት ይሰውራል። መዝጋቢው ማን ነው? ቀበሌው ነዋሪውን መዝግቦታል፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን መዝግቦለታል፤ ስለዚህ «ተመዝግበሃል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎን» ማለቱ አያስገርምም። ሕዝቡ ግን ከኛ ቀድሞ መፍትሔ አግኝቷል፦ «የምርጫ ካርድ አወጣሁ» ይላል። በዚህ አነጋገር አድራጊው ራሱ ዜጋው ነው፤ የነዋሪነት መታወቂያ ሌላ መሆኑም በአንዲት ቃል ይለያል። ካርድ የባዕድ ቃል ነው ብሎ መሸሽ በዚህ ቦታ አይጠቅምም። (በነገራችን ላይ በማስታወቂያዎች ላይ የሚታየውን «ይመዝገቡ» እና «ይመዝግቡ» አራሚዎች በጥንቃቄ ይዩት፤ አንዲት ፊደል የተመዝጋቢውን ግዴታ ወደ መዝጋቢው ታዞረዋለች።)

«ምሥጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ» ላይም ጥቂት እንበል። ምሥጢር በአማርኛ ባለቤቱ እንዲጠብቀው አደራ የተጣለበት ነገር ነው። ከዚህ የተነሣ ሰው የመረጠውን ለጎረቤቱ ቢናገር ሕግ የጣሰ ሊመስለው ይችላል። የድንጋጌው መንፈስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግዴታው የተጣለው በሌሎች ላይ ነው። ስያሜውን መለወጥ ባያስፈልግም ማብራሪያው «ማንም ሊያይብህ፣ ሊያስገድድህ አይችልም» ብሎ መጀመር አለበት።

ጉዳዩ በባሕር ማዶ መልኩን ይለውጣል። የአሜሪካ ፌዴራላዊ የምርጫ መብቶች ሕግ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ከጠቀሳቸው የቋንቋ ወገኖች መካከል አማርኛ የለም፤ የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ግን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ጽሑፎቹን በአማርኛም ያስተረጕማል። በዚያ በድምፅ መስጫው ዕለት ተመዝግቦ ወዲያው ድምፅ መስጠት ይቻላል። «ምዝገባ» የሚለውን ቃል ከአገር ቤት ልማዱ ጋር ይዞ የሄደ ሰው ቀኑ ያለፈበት መስሎት ከቤቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ብቻ አስቀምጦ ማለፍ አይችልም። ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን ለሚለዩበት ዙር «ቅድመ ምርጫ» የሚል አቻ መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አደገኛ ነው። በአገራችን አጠቃቀም ቅድመ ምርጫ ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ደግሞ ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት የሚባል ሌላ ሥርዓት አለና ሦስቱ ይደባለቃሉ። በብዙ ግዛቶች የፓርቲ ምርጫውን ያላስመዘገበ ሰው በዚህ ዙር ድምፅ አይሰጥም፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ ምርጫው የተከለከለው ይመስለዋል። «የፓርቲ ዕጩ መለያ ምርጫ» ረዘም ይላል። ሆኖም «ዕጩ» ከማጨት የመጣ በመሆኑ ዋናው ነገር ገና እንዳልተፈጸመ አንባቢው ከቃሉ ይረዳል፤ «ቅድመ ምርጫ» ይህን አይነግረውም።