ከምንጣፉ ስር

የድሮ ስፖርት መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቀለሙን ያያል፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ ግን የእድሳትን ጥራት ለመመዘን ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየውን ፖርሽ 911 እንውሰድ። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ በድሮዎቹ ላይ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ቮልስ የነዳ ሰው ድምፁን ይለየዋል፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና። ጩኸቱን የሚያለዝብ የውሃ ሽፋን ስለሌለው ፋብሪካው ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት። አንዱ ላሜራው ላይ የሚለጠፍ የሬንጅ ንጣፍ ነው። ብዙዎች ድምፅ የሚያግድ ይመስላቸዋል፤ ዋና ሥራው ግን ላሜራው እንዳይርገበገብ መያዝ ነው፣ ንዝረቱን እዚያው ውስጡ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሌላው ከምንጣፉ ስር የሚነጠፈው ፌልት ነው፤ እሱ በአየር የሚመጣውን ድምፅ ይውጣል፣ ሙቀትም ይከላከላል።

ሬንጁን ሲመረምሩ የወለሉን ሸንተረሮች ይከተሉ። በደንብ የተሠራ ንጣፍ በሙቀት ለስልሶ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ጠርዙም ላሜራው ላይ ሟሙቶ ተጣብቋል። ቸኩሎ የሠራ ሰው ንጣፉን እንደቀዘቀዘ ከላይ ያለብሰዋል። ያኔ ንጣፉ ከሸንተረር ሸንተረር እንደ ድልድይ ይዘረጋና ከስሩ ባዶ ቦታ ይቀራል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ውሃ የሚያቁረው፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያ ነው። በሩንም ከውጭ በጣት አንጓ ቆርቆር ያድርጉት፦ ንጣፉ በቦታው ካለ ድምፁ ድፍን ብሎ ይቀራል፣ ከሌለ ወይም ከለቀቀ ላሜራው ይጮኻል።

የሃምሳ ዓመት ሬንጅ ዘይቱ አልቆ በበጋ እንደ ዋልካ መሬት ይሰነጣጠቃል። መሰንጠቁ ብቻውን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያልተነካ መኪና ምልክት ሊሆን ይችላል። ነውሩ በስንጥቁ በኩል የሚወጣው ቡናማ ዱቄት ነው። እሱን ካዩ ንጣፉ መነሳት አለበት፤ አነሳሱም ባለሙያውን ይለያል። አዋቂው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ የሆነ ደረቅ በረዶ ይበትንበታል፣ ሬንጁ እንደ ብርጭቆ ሲደርቅ በመዶሻ ቀስ እያደረገ ያረግፈዋል። ሌላው በእሳት ያቀልጥና በመፋቂያ ይግጠዋል፤ የላሜራው መጣመምና የጭረቱ መስመር በቀለም ስር ሳይቀር ይታያል።

ፌልቱ ላይ ጠርዙን ብቻ ይዩ። የዚያ ዘመን ፌልት በአብዛኛው ከተፈለቀቀ አሮጌ ጨርቅ የተጠቀጠቀ ስለነበር ግራጫው ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ክር ብቅ ብቅ ይላል። አንድ ወጥ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ትናንት የተገዛ ነው። የሞተር ክፍሉን ስፖንጅ ግን ለኦሪጅናልነት ሲሉ አያቆዩት፤ ሲያረጅ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም በፋኑ ተስቦ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ይደፍናል። ዘይት ከጠጣ ደግሞ እሳት ጠሪ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ መኪኖች ጭስ ማውጫ አካባቢ ያለ ግራጫ የካርቶን መሰል መከለያም አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር መቧጨር የለበትም።

ብርማ ፎይል የለበሰው የዛሬ ንጣፍስ? ከሬንጁ ይበልጣል፤ ቀላል ነው፣ ንዝረትም የተሻለ ይይዛል። በየቀኑ የምነዳው መኪና ቢሆን ሳላቅማማ እለጥፈው ነበር። «እንደ ፋብሪካው» ተብሎ በሚሸጥ መኪና ውስጥ ሲገኝ ግን ዋጋው መውረድ አለበት። የሚመዘነው የጸጥታው መጠን አይደለም፤ መኪናው አዲስ ሆኖ ሲሸጥ የነበረው ድምፅ ነው።

ለዚህ በ1972 ፓሪስ ላይ ከቀረበው ካሬራ አርኤስ 2.7 የተሻለ ማስረጃ የለም። ፋብሪካው 500 ሊሠራ አስቦ 1,580 ሠራ። ቱሪንግ የተባለው 1,075 ኪሎ ሲመዝን፣ ስፖርት የተባለው 960 ብቻ ነበር። ልዩነቱ የመጣው የኋላ ወንበሩን፣ ሰዓቱን፣ ወፍራሙን ምንጣፍና አብዛኛውን የድምፅ መከላከያ በመተው ነው። እዚህ ላይ ጥሩ ሥራ ማለት አለመለጠፍ ነው። ስፖርቱን በአዲስ ንጣፍ አለስልሶ የሚያስረክብ አዳሽ፣ ሥራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መኪናውን አበላሽቷል።

ስፖርቶቹ 200 ብቻ በመሆናቸው ተራ 911ን አራቁቶ አርኤስ የሚያስመስል አልጠፋም። ስለዚህ ባዶ ወለል ሲያዩ በማዕዘኖቹና በወንበር ማሰሪያዎቹ ዙሪያ በባትሪ ይፈልጉ። ተፍቆ ያላለቀ ጥቁር ሬንጅ ካገኙ ሻጩን ምን እንደነበረ ይጠይቁት፤ ወለሉ ከመቀባቱ በፊት የተነሳውን ፎቶም ያሳይዎት። ፎቶ የለም ካለ፣ የሻሲ ቁጥሩ ሳይጣራ ስለ ዋጋ አይነጋገሩ።