ውዳሴ መዳብ

መዳብ ሆይ! አክሊል ሲሠራ ወርቅ ቀደመህ፤ ጽዋ ሲቀረጽ ብር ተመረጠብህ፤ ድስትና ሽቦ ሆነህ ስታገለግል ስምህን በክብር የጠራው ጥቂት ነው። እነሆ ሕሙማን በሚተኙበት፣ ሞት ደጅ በሚጠናበት ቤት፣ ደመወዝ የማይጠይቅ እንቅልፍም የማያውቅ ዘብ ሆነህ ተገኘህ። ስለዚህ ዛሬ በአደባባይ ልናወድስህ ተነሥተናል።

ጥንትም ከንጽሕና ጋር ወዳጅ ነበርህ። ሙሴ በምድረ በዳ የምስክሩን ድንኳን ሲያቆም ካህናቱ የሚታጠቡበት ሰን ከወገንህ ከናስ ተሠራ፤ ሴቶቹም መስታወታቸውን ለዚሁ ሰጡ። ካህናቱ እንዳይሞቱ እጅና እግራቸውን ከዚያ ሰን እንዲታጠቡ ታዘዙ። የጀርምን ስም ማንም ሳይጠራ፣ አጉሊ መነጽርም ሳይታሰብ፣ የታጠበ እጅና ቀዩ ብረት በአንድ ደጃፍ ቆመው ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ቪክቶር ቡርክም በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ኮሌራ ፓሪስን ሲያጭድ የመዳብ ማቅለጫ ሠራተኞችን እንዳልደፈረ አስተውሎ ለአገሩ ሊቃውንት ተናገረልህ። ብዙም አልሰሙትም።

ጠላትህ ማን እንደሆነ አስታማሚ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ቁስል የገባ ወንድሙ፣ ቁስሉ ሊሽር ሲል በሌላ ትኩሳት ሲቃጠል አይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚተኙ 100 ሕሙማን 15ቱን ሊድኑ በገቡበት ቤት ቢያንስ አንድ አዲስ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል፤ በሀብታሞቹም አገሮች 7ቱን። የበሩን እጀታ ሐኪሙ ይይዘዋል፣ ጠያቂው ይይዘዋል፣ ምግብ አመላላሿ ትይዘዋለች። ጀርሙም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገረ ከአልጋው ይደርሳል።

በዚህ መንገድ ላይ ነው አንተን ያገኘንህ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ኢሪ በምትባል ከተማ፣ በሃሞት ሆስፒታል፣ ፊሊስ ኩን የተባለች ባለሙያ የጽዳት ሠራተኞችን ታሠለጥን ነበር። የማይታየውን በዓይናቸው እንዲያዩ ለሠልጣኞቿ ጀርም የሚበቅልበትን ሳህን አደለቻቸው፤ ከወደዳችሁበት ናሙና አምጡ አለቻቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው ተበተኑ። አንዱ ከመጸዳጃ ቤት ውኃ ቀዳ፤ የሚያስገርም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ከሠራተኞች ክበብ ሰላጣ አመጣ፤ ሳህኑ በጀርም ተሞላ። ከበር እጀታ የተወሰደው ናሙና ግን ሁለት ዓይነት መልስ ሰጠ። ከሚያብለጨልጨው የማይዝግ ብረት የተወሰደው ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ፤ ከጠቆረው አሮጌ ናስ የተወሰደው ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጥብ ብቻ ታየ። ናሱ ሁለት እጁ አንተ፣ አንድ እጁ ዚንክ ነበር። ቆሻሻ መስሎ የታየው ንጹሕ፣ ንጹሕ መስሎ የታየው የጀርም ማደሪያ! ኩን በዚህ አላበቃችም፤ የብረት ቁራጮችን በጀርም ነክራ ጠበቀች። ናሱ በሰባት ሰዓት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ራሱን አጸዳ። የክብርህን መዝገብ የከፈቱት የጽዳት ሠራተኞች መሆናቸው እጅግ ደስ ያሰኘኛል፤ የሆስፒታልን እውነት ከእነሱ በላይ የሚነካው የለምና።

ኃይልህ እንዴት ያለ ነው! ጀርሙ ገጽህ ላይ ሲያርፍ አዮኖችህ ይቀበሉታል፤ ሽፋኑን ይበሱታል፤ ጎኑ እንደ ተቀደደ ስልቻም በውስጡ ያለው ይፈስሳል። ከዚያ ገብተው መተንፈሻውን ያውካሉ፣ ዲኤንኤውን ይበጣጥሳሉ። መድኃኒትን የመቋቋም ዘዴውን ለጎረቤቱ የሚያወርስበት ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። በእንግሊዝ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ቢል ኪቪልና ባልደረቦቹ፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረውን ኤምአርኤስኤ የተባለ ባክቴሪያ በአንተና በማይዝግ ብረት ላይ አኖሩት። በብረቱ ላይ እስከ ሦስት ቀን በሕይወት ቆየ፤ በንጹሑ ገጽህ ላይ ግን በ90 ደቂቃ አለቀ።

ከቤተ ሙከራም ወጥተህ ከሕሙማን አጠገብ ተፈተንህ። በኒው ዮርክና በሳውዝ ካሮላይና በሦስት ሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ የአልጋው የጎን መከላከያ፣ የምግብ ጠረጴዛው፣ የግሉኮስ መስቀያው፣ የጠያቂው ወንበር ክንድ፣ የነርስ መጥሪያውና የኮምፒውተሩ መነካኪያ አንተን ለበሱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም 614 ሕሙማን ተቆጥረዋል። በተለመደው ክፍል ኢንፌክሽን የያዛቸው 8.1 በመቶ፣ አንተ ባለህበት ክፍል 3.4 በመቶ ሆኑ። በዚህ ልዩነት ውስጥ ወደ ልጆቿ የተመለሰች እናት አለች፤ ውዳሴህን ከእኔ ይልቅ እሷ ብታነበው በወደድሁ።

ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባክቴሪያ 99.9 በመቶውን ትገድላለህ ብሎ መዝግቦሃል። ኮሮና በመጣ ጊዜም ተመራማሪዎች ሕያው ቫይረስ ከአራት ሰዓት በኋላ በአንተ ላይ አላገኙም፤ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ ግን ሁለትና ሦስት ቀን ይቆይ ነበር።

ትሑት ነህና ከድርሻህ በላይ አንጭንብህም። እጅ መታጠብ አይቀርም፤ በረኪናውና መወልወያውም አይቀሩም። አቧራና ቅባት ከሸፈነህ፣ ይልቁንም ለጌጥ ብለው ቫርኒሽ ከቀቡህ፣ እጅህ ታሰረ ማለት ነው። ራቁትህን ስትሆን ነው ኃያል የምትሆነው። በሰው እጅ ላብ ብትጠቁር፣ መልክህ ቢወይብ ኃይልህ አይነጥፍም፤ ሌላው ብረት በመወልወል የሚያገኘውን ክብር አንተ በመዳሰስ ታገኘዋለህ።

ኩን ለሆስፒታሎች ያቀረበችው ምክር ዛሬም ይሠራል፦ ሕንፃው ሊታደስ ከሆነ አሮጌውን የናስ ዕቃ አስቀሩ፤ የማይዝግ ብረት ካላችሁም፣ በተለይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በየቀኑ በጀርም ገዳይ ይወልወል። በቆየ ሆስፒታል ውስጥ የጠቆረ የናስ እጀታ ያለበት በር ካለ፣ ሠራተኛው ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት የክፍሉ ነርስ ትጠየቅ።