ስድስቱ ሞተሮች ለምን አልተስማሙም?

ስለ ጠፈር ምርምር የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ብቻ ነው። እኛ ግን ሥራን መመርመር ሥራን ማናናቅ አይደለም ብለን ስለምናምን፣ ኩሪዮሲቲ የተባለው ሮቦት በማርስ ላይ ያደረገውን ጉዞ በሂስ ዓይን ልናየው ወደድን።

ይህ 899 ኪሎ ግራም የሚመዝን የናሳ ሮቦት ጌል በተባለው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ያረፈው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ስድስት ጎማዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው። ስማቸው ጎማ ይባል እንጂ የተሠሩት ከአሉሚኒየም ነው፤ የገላቸውም ውፍረት በጥርሶቹ መካከል 0.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ገና በ2013 ሹል ድንጋዮች ይበሷቸውና ይቀዷቸው ጀመር።

ጥፋቱ የድንጋዩ ብቻ ነውን? አይደለም። ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ሲጓዝ ስድስቱም ጎማዎች በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ይታዘዙ ነበር። ይህ ለሜዳ ይስማማል፤ ለወጣ ገባ መሬት ግን አይሆንም። ተማሪዎች በፓይታጎረስ ደንብ ያስሉት። አንዱ ጎማ 40 ሴንቲ ሜትር ሜዳ ሲሄድ፣ ሌላው በዚያው አግድም ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢወጣ፣ የሚጓዘው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ እኩል ከዞሩ በሜዳ ያለው ይንሸራተታል፤ ወይም ወጪውን ከኋላ እየገፋ ከድንጋዩ ሹል ጋር ያጣብቀዋል።

የተገኘው መፍትሔ አዲስ ብረት ሳይሆን አዲስ ስሌት ነው። በ2017 ወደ ማርስ የተላከው ፕሮግራም ጎማዎቹን የተሸከሙትን ክንዶች አቀማመጥ እየለካ፣ ጎማው መሬቱን የነካበትን ማዕዘን ያሰላል፤ የያንዳንዱንም ጎማ ፍጥነት ወዲያውኑ ያስተካክላል። በምድር በተደረገው ሙከራ በፊተኞቹ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ጫና 20 በመቶ፣ በመካከለኞቹ ላይ 11 በመቶ ቀንሷል። ይህን ከምድር ሆኖ በየቅጽበቱ ማዘዝ አይቻልም፤ መልእክቱ ለመድረስ ብቻ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃልና።

ሂሳችን በመዘግየቱ ላይ ነው። በ2005 ኦፖርቹኒቲ የተባለው ቀደምት ሮቦት በአሸዋ ተይዞ ለመውጣት ከአምስት ሳምንት በላይ ፈጅቶበታል። ጎማዎቹ ይዞራሉ፤ ሮቦቱ ግን አይሄድም ነበር። መዞር መሄድ እንዳልሆነ ይህን ያህል አስቀድሞ ታውቆ ሳለ፣ የጎማዎቹ ፍጥነት እንደየመሬቱ የተለየው ጎማ ከተቀደደ በኋላ ነው። ሆኖም መሐንዲሶቹ ጉዳቱን ሳይደብቁ ፎቶግራፉን ለሕዝብ ማሳየታቸው ሊመሰገን ይገባል።

እኛ መምህራንስ? የሮቦቱን ሥዕል አሳይተን፣ ተማሪውን አስደንቀን ከማለፍ ይልቅ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ብናወጣው ይበጃል። ደግሞም ዳገት ላይ ያለውንና ሜዳ ላይ ያለውን ተማሪ በአንድ ፍጥነት የምንነዳ ስንቶቻችን ነን? ሌላውን ስንተች የራሳችንንም ክፍል እንመርምር።