«አይሰማም» ስንል ምን ማለታችን ነው? የመስማት ችግርን በምንረዳበት መንገድ ላይ የቀረበ ሂስ

«ይህ ልጅ አይሰማም» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ሁለት ፍርድ ይሸከማል። አንደኛው የጆሮን ድካም ይገልጻል፤ ሁለተኛው የጠባይን ጉድለት ይከሳል። «ሰማ» ማለት ድምፅን አዳመጠ ማለት ሲሆን፣ ታዘዘ፣ ምክርን ተቀበለ ማለትም ነውና። በትምህርት ቤቶቻችን ግን አነጋገሩ ሲሰነዘር በአብዛኛው የሚታሰበው ሁለተኛው ትርጉም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መደባለቅ በሕፃናትና በአዋቂዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መመርመር፣ የትምህርት አሠራራችንም መደባለቁን እንዴት እንደሚያጸናው ማሳየት ነው።

«ደንቆሮ» የሚለው ቃል ከዚህም የከፋ ነው። መስማት የማይችለውንና ዕውቀት የሌለውን በአንድ ስም ይጠራል። ግዕዙ «ጽሙም» ሲል የጆሮን መዘጋት ይናገራል፤ በአማርኛ ግን ከዚያው ከጆሮው ስም «ድንቁርና» ወጣ። ድህነት፣ በሽታና ድንቁርና የአገር ጠላቶች ተብለው በአንድነት ሲጠሩ፣ ይኸውም በትምህርት ሰዎች አንደበት ጭምር፣ የአንድ ወገን ዜጎች መጠሪያ የዕውቀት ማጣት ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ በጽሑፍ «መስማት የተሳነው» ማለት መለመዱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ተለውጦ ፍርዱ ካልተለወጠ ጥቅሙ ከወረቀት አያልፍም።

ነገሩ በተጨባጭ እንዲታይ በጉለሌ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ ያለውን አካባቢ እንውሰድ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም፣ እንደ ሌሎቹ አድባራት ሁሉ፣ ዜማው ከመሪጌታው አንደበት ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ይተላለፋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ነባር ሥርዓት የወረሰው አንድ ልማድ ፊደልን በኅብረት ጮኾ መቁጠር ነው። ልማዱ ለማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን የመስማት ችግርን ይሸፍናል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» የሚለውን ዜማ በግማሽ ጆሮ የሰማ ሕፃንም ከጓደኞቹ ጋር አፉን እያንቀሳቀሰ ይዘልቀዋል። መምህሩ ሕፃኑ የተማረ መስሎት ያልፋል። ችግሩ የሚገለጠው ተማሪው ለብቻው ቃል ጽፎ እንዲያሳይ ሲታዘዝ ነው፤ ያን ጊዜም የሚሰጠው ስም «ሰነፍ» የሚል ይሆናል።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ጠባይ ማስተዋል ይገባል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቀጫጭን ድምፆች መስማት ሲሆን፣ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ች» እና «ፍ» ከእነዚህ ይመደባሉ። አማርኛ ደግሞ ጾታንና ቁጥርን በእነዚሁ ፊደላት ይለያል፦ «ሄደ» እና «ሄደች»፣ «ልጆች» እና «ልጅ»። እንግዲህ እነዚህን ድምፆች የማይሰማ ሕፃን ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ ሰዋስዉን ግን ይስታል። «ስሙን ይሰማ የለም ወይ? ትምህርቱ ላይ ሲደርስ ነው የማይሰማው» የሚለው የተለመደ ክስ የሚነሣው ከዚህ ነው። ክሱ የሕመሙን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ ነው።

ከዚያው ከእንጦጦ ተዳፋት ላይ ለአያሌ ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሲረዳ የኖረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይገኛል። በ2001 ዓ.ም. መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መስጠት የጀመረው በዚሁ ሆስፒታል ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ለዚህ በሽታ ይሰጡ የነበሩት እንደ ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ያሉት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች የውስጠኛውን ጆሮ ረቂቅ ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። የሞቱት ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉም። ሐኪምና ሕመምተኛ ሕይወትን ለማትረፍ ሲሉ ጆሮን ለአደጋ ከማጋለጥ በቀር ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች እንዲቀሩና በሚዋጡት እንዲተኩ መክሯል።

ይህ ምሳሌ ለትምህርት ሰው የሚሰጠው ቁም ነገር አለ። ትናንት በብስለቱ የታወቀ አዋቂ ሰው ዛሬ በመድኃኒት፣ በእርጅና ወይም በፋብሪካ ጩኸት ጆሮው ሲደክም አእምሮው አብሮ አልደከመም። ጎረቤት ግን ጥያቄ ደግሞ ስለጠየቀ ወይም ላልተጠየቀው ስለመለሰ እንደ ጅል ይቆጥረዋል። «ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል» የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም። የአዋቂው ምስክርነት ፍርዳችን ስሕተት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሕፃኑ ግን በፊት እንዲህ ነበርኩ ብሎ የሚጠቅሰው ምስክር የለውም።

በሌላ በኩል የሁለቱ ጉዳት እኩል አይደለም። አዋቂው ቋንቋን ከያዘ በኋላ ስለሆነ ማንበብና መጻፍ ይረዱታል። ከመናገሩ በፊት በማጅራት ገትር ወይም ከትውልድ መስማት የተሳነው ሕፃን ግን ከድምፅ ጋር ቋንቋውንም ያጣል። ለእርሱ የምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋው ነው፤ በዘገየ ቁጥርም የማሰቢያ መሣሪያው አብሮ ይዘገያል። ጆሮው የሚመግል ሕፃን ደግሞ አንድ ቀን ሰምቶ ሌላ ቀን ሊስት ይችላል፤ የእርሱ መፍትሔ በአብዛኛው ሕክምና ነው። እንግዲህ ሦስቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ አንድ ዕቅድ ማውጣት ለሦስቱም አይበጅም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ይል ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ጉድለቱ ፍላጎቱ አስቀድሞ የታወቀ አድርጎ መነሣቱ ላይ ነው። በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ጆሮ ካልተመረመረ የማንን ፍላጎት ለይተን እናሟላለን? ከዚያ በኋላ የተስፋፋው የአካቶ ትምህርትም ቢሆን የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በሌለበት ክፍል ሲተገበር፣ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ ከትምህርቱ ያገልለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት መክፈቱ መንገዱን አሳይቷል፤ የሚቀረው ምሩቃኑ ለሚያስፈልጓቸው ክፍሎች መድረሳቸው ነው።

እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት የሕፃናት የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

1. መምህር በዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዱን ተማሪ ከጀርባው በአንድ ክንድ ርቀት ቆሞ፣ አንዱን ጆሮ አስይዞ፣ በሹክሹክታ ቃላት እያለ ያስደግመው። ከቃላቱ መካከል «ሻሽ»፣ «ስፌት» የመሳሰሉት ይኑሩ። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ወደ ሐኪም የሚላከውን ግን ይለያል።

2. ፊደልና ንባብ በኅብረት ከተባለ በኋላ ተማሪዎች አንድ በአንድ ይጠየቁ።

3. መምህር ወደ ሰሌዳ ዞሮ አይናገር፤ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ይቁም። በክረምት ዝናም የቆርቆሮ ጣራ ሲጮኽ ሁሉም ተማሪ መስማት እንደተሳነው ቆጥሮ በጽሑፍ ያስተምር።

4. የዕቅድ ባለሙያዎች አዲስ ክፍል ሲያስገነቡ ለጣራው ጩኸት ማብረጃ፣ በጀት ሲመድቡም ለጆሮ ምርመራና ለምልክት ቋንቋ መምህራን ቅጥር ድርሻ ይያዙ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በተማሪው የጠባይ መግለጫ ላይ «አይሰማም» ብሎ የሚጽፍ መምህር ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን ይፈትን። ጆሮው ሳይመረመር በአእምሮው ላይ የተፈረደበት ልጅ ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውምና።